ውጫሌ ገበያ ላይ የተዋረደው ሊቅ

ሕሊናዬ፣ ሰላም ሰነበትሽ ወይ?

ሰው ስልክ እንዴት እንደሚለምድ ሃያ ዓመት ያጠናሁት ሊቅ ዛሬ ውጫሌ ገበያ ላይ ተዋረድኩልሽ። በርበሬ የሚሸጡትን እማማ አሲያን፣ «ስማርት ስልክ ለመልመድ ስንት ጊዜ ፈጀብዎት?» አልኳቸው።

«ልጄ ጅዳ ሄደች፤ ድምጿ ናፈቀኝ፤ በማግስቱ ቻልኩት» አሉኝ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ይህን ለማለት አራት መቶ ገጽ ይፈጅብናል።

«አንተስ ለእናትህ መቼ ደወልክ?» አሉኝ። ከፋሲካ ወዲህ አልደወልኩም። «ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው» ብል፣ «አብሽር!» ብለው የራሳቸውን ሰጡኝ። ለካ የእናቴን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም! እሳቸው የልጃቸውን የጅዳ ቁጥር እንደ ዳዊት ወረዱት።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትሽን የሻውንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን እማዬንም ሳሚልኝ፤ ካርዱን ግን እንዳታነቢላት።

በዕውቀቱ