የዘር በቆሎ አልበላም ያሉት የአቶ ሙሉብርሃን ወልደ ማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ሙሉብርሃን ጠዋት ሻያቸውን ቆመው ይጠጡና፣ ዘነበም አልዘነበም ጃንጥላቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። ቢሮ ከመግባታቸው በፊት በመቱ ዳር ያለውን የሙከራ ማሳ አጥር አንድ ጊዜ ይዞሩት ነበር።

የተወለዱት በ1934 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ማርያም ምንዳዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘውደነሽ ገብረ መስቀል እዚሁ መቱ ነው። በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ተምረው በ1958 ተመለሱ። በ1962 ከወይዘሮ ፈትለወርቅ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሽብሬንና ምንዳዬን ወልደዋል።

ሥራቸው የዘር ቁጥጥር ነበር። ከውጭ የመጣ ዲቃላ ዘር ለገበሬ ከመታደሉ በፊት በታጠረ ማሳ ሁለት ክረምት እንዲታይ፣ የአበባው ብናኝም ከነባሩ በቆሎ እንዳይቀላቀል ይሟገቱ ነበር። «አዲስ ዘር እንግዳ ነው፤ እስኪታወቅ ደጅ ይቆይ» ይሉ ነበር።

በ1972 አዲስ ዲቃላ የበቆሎ ዘር ሳይሞከር ዳሪሙ ወረዳ ገባ። በርክክቡ ዕለት፣ ገበሬው አሮጌውን መተዉ እንዲታይ፣ ከየምድጃው በላይ ለዘር የተሰቀለው ነጭ በቆሎ ወርዶ ለእንግዶች ንፍሮ ተቀቀለ። አቶ ሙሉብርሃን አልቀመሱም። አንድ ባለሥልጣን «ጓድ፣ ጾም ያዙ እንዴ?» ሲሉ ሰው ሳቀ።

«የዘር በቆሎ አልበላም» አሉ።

አጠገባቸው የነበሩት ገበሬ ኦቦ ሰቦቃ ኡርጌ «እኔም ጥርሴን አሞኛል» ብለው ሳህናቸውን ገፉ። ሌላ ሰው አልገፋም።

አቶ ሙሉብርሃን «ፀረ ልማት» ተብለው ታሰሩ። ሲፈቱ መጋዘን ጠባቂ ሆነው ተመደቡ፤ ሳላቸውም ከእስር ቤት አብሯቸው ወጣ።

የመጀመሪያው ምርት ደኅና ነበር። ገበሬው እንደ ልማዱ ከዚያው መርጦ ሲዘራ ግን፣ ዲቃላ ተመልሶ ሲዘራ ስለሚደክም፣ አገዳው ቆመ እንጂ የረባ ፍሬ አልያዘም። አዲስ ዘር ሲጠየቅ «በዕቅድ አልተያዘም» ተባለ። አቶ ሙሉብርሃን ዕረፍት ባገኙ ቁጥር ከኦቦ ሰቦቃ ጋር እስከ ያዮ በእግራቸው እየሄዱ ነጩን በቆሎ ፈለጉ። ያገኙት ሁሉ ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ያሳሰሯቸው ሰዎች በኋላ ስለ ዘር ጥንቃቄ በስብሰባ ሲያስተምሩ ተሰምተዋል፤ ስማቸውን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም።

ሳንባቸውን ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በ46 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ዘርን የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን በማይጠወልግ ስፍራ ያኑርልን።

ነጩ በቆሎ ዛሬ ዳሪሙ ውስጥ የለም። አዲስ ዘር ሲመጣ «ደጅ ይቆይ» የሚሉትም የሉም።