ከአባታችን ሆይ የዘለልኳት

ጌታሁንዬ፣ የኔ ዝምተኛ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ከአሥር ቀን ሆነ። መጻፍ ያስተማርከኝ አንተ ነህና ፊደሌ ቢወላገድ ጥፋቱ ያንተ ነው። ቤቱ እንደተውከው ነው ብልህ ውሸት ይሆናል። ከጣሊያን ጊዜ የተረፈው በርሜልህ ተበስቶ ውሃ መያዝ ትቷል። የእናትህ ዓይን ደክሟል፤ እኔን ለመጥራት ግን ድምፃቸው አልደከመም። ማድቤቱ ዛሬም ጣሪያ የለውም። የቆረጥከው እንጨት ጓሮ እንደተከመረ ነው፤ ማንም እንዳይነካው ከልክያለሁ።

ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ልንገርህ። ያን ዕለት ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነበር። ኩታህን ለብሰህ የካ ሚካኤል ልታስቀድስ ስትነሣ ማን ከለከለህ? እኔ። ክረምቱ ደጃችን ደርሷል፣ ሚካኤል ማድቤት አይከድንልኝም አልኩህ። አፌ ይቆረጥ! አንተም እንደ ልማድህ ዝም ብለህ ኩታህን ግድግዳው ላይ ሰቀልክና መጥረቢያህን አነሣህ። ደበላን ለእርዳታ ጠርተኸው እንጦጦ ወጣችሁ፤ የማኅበር ወንድምህ ነውና እምቢ አላለህም። እሱ የቆረጠው ባሕር ዛፍ ባላሰበው በኩል ዞሮ ወደቀብህ።

በቀብርህ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ደበላን ገዳይ ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ልቤ ትንሽ ቀለለኝ። እሱ ገዳይ ከሆነ እኔ ምንም አላደረግሁማ!

ከዚያ ወዲህ ጸሎት እምቢ አለኝ። አባታችን ሆይ ስል ይቅርታ ከምንለምንባት፣ ይቅር እንላለንም ከምንልባት ቦታ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ዘልያት አልፍ ነበር። ቀስ በቀስ የቀረውንም ተውኩት። ነጠላዬን አጣፍቼ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር እሄድና እመለሳለሁ።

የማርያም ማኅበራችሁ ግን አልተወኝም። የሟች ቦታ ባዶ አይቀርም ብለው በአንተ ፈንታ እኔን አስገቡኝ፤ አንድም ቀን ሄጄላቸው አላውቅም። ትናንት ሃያ አንድ፣ ተራው የቤታችን ነበር። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም። እኔም ቆርጬ ነበር። ከደበላ ጋር ታረቂ ካሉኝ ጽዋውን ለማኅበሩ መሪ ለሙሴው መልሼ፣ ከማኅበሩም ከቤተ ክርስቲያኑም እስከ ወዲያኛው ልቀር ለራሴ ምዬ ነበር።

ሰው ሲገባ በሩ ላይ ቆምኩ። ደበላ ከሚስቱ ከጫልቱ ጋር መጣ። ክንዴን ዘርግቼ ከለከልኩት። «ግድ የለም እህቴ፣ እኔ እዚሁ ውጭ እጸልያለሁ» አለና ከበሩ ጎን ወዳለው ድንጋይ ሄደ። ሙሴው ሲናገሩ ሰማሁ፤ ለካ ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነበር። በየወሩ ተረኛው ቤት መጥቶ፣ በር ላይ ተቀምጦ ጸልዮ፣ ጽዋውን ሳይቀምስ ይሄዳል። አንድ ወር አልቀረም።

ጫልቱ ግን አልቻለችም። «ሟቹ ያን ቀን መንገድ ላይ የነገረህን ንገራታ! ማን ገፍቶ እንደላከው...»

«ዝም በይ!» አላት።

ሌላው ሰው ነገሩ አልገባውም። እኔ ግን ክው አልኩ። ነግረኸዋል ለካ! እንደማውቅህ እየሳቅህ ነግረኸዋል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ያ ሁሉ ስድብ በእኔ ላይ ይዞር ነበር። ዓመቱን ሙሉ ገዳይ እየተባለ የእኔን ገመና ሸፍኖ ኖረ። እኔ እግዜር ረስቶኛል እያልኩ ሳማርር ይህ ሰው ደጅ ላይ ተቀምጦ ይጸልይ ነበር። አፈርኩ፣ ጌታሁን። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ክንዴን አወረድኩ። ሙሴው ፊት ሄጄ፣ በሚካኤል ባሌን ከቅዳሴ አስቀርቼ ጫካ የሰደድኩት እኔ ነኝ አልኩ። እናትህ መደቡ ላይ ሆነው ሰሙ። እንዲያ ሲጣሩ የሚውሉት ሴትዮ ድምፃቸው ጠፋ። ይረግሙኛል ብዬ እግራቸው ሥር ተደፋሁ። እጃቸው በዳበሳ ራሴን አገኘው። «በሉ፣ ልጄን ከደጅ አስገቡልኝ» አሉ። ልጄ ያሉት ደበላን ነው።

ደበላ ገብቶ ሁሉም ቆሞ አባታችን ሆይ ሲል ያቺ ቦታ ደረሰች። በዚህ ጊዜ አልዘለልኳትም። ጽዋውን ለደበላ በእጄ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ከዓመት በኋላ ጠላውን ቀመሰ።

ዳንኩ አልልህም። ደበላን ሳየው ዛሬም ያ ዛፍ ይታየኛል። ግን እሱ ያን ሁሉ ስድብ ችሎ ደጅ ላይ ከጸና፣ እኔ ጥዬ የት እሄዳለሁ? ማድቤቱን ሊከድንልኝ ቅዳሜ ይመጣል፤ ያንን እንጨትህን ለጣሪያው እንዲጠቀምበት ፈቅጃለሁ።

ኩታህ ከሰቀልክባት አልወረደችም ነበር። ዛሬ አወረድኳት። በየወሩ በአሥራ ሁለት እሷን ለብሼ፣ ያስቀረሁብህን ቅዳሴ ስለ አንተ ቆሜ አስቀድሳለሁ። እስክንገናኝ አንድም ወር አይቀርብህም።

ሚስትህ