ከሜዳው የወጣንበት ሰዓት

ኦክላንድ፣ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2017

እናቴ ላልወለደችው ወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ባለቤትህና ትንሿ ልጅህ እንዴት ናቸው? ያንተን ጤና እንኳ ብዙም አልጠይቅም፤ ትናንት በስልክ ስትጮህብኝ ሳንባህ ደህና መሆኑን ሰምቻለሁ። ሙቀቱ እናንተ ሚልፒታስ ጋ ይብሳል አሉ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ካውሰርም ሰላም ብላሃለች። እኔ ግን ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ የተቀመጥኩትም ምክንያቱን ልጽፍልህ ነው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንደምትል አውቃለሁ። አፌ እምቢ ስላለኝ ነው። ይህንኑ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ቤትህ ድረስ መጥቻለሁ፤ አንዴ ሻይህን ጠጥቼ፣ አንዴ ደግሞ ባትሪው የሞተውን መኪናህን አስነስቼልህ ተመለስኩ። ስለዚህ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። መሃል ላይ ቀደህ ልትጥለው ብትፈልግ አልፈርድብህም፤ ግን አትቅደደው።

ትናንት የደወልኩልህ ስለ አጎትህ ስለ ጋሽ ሳሊሕ ነበር። ልባቸው ደክሞ እዚህ ኦክላንድ ሆስፒታል ከተኙ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው፤ ሐኪሙም ዘመድ ያላቸው እንደሆነ ይምጣ ብሏል። አንተ የመለስክልኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ "ኦልሬዲ ነግሬሃለሁ። አባቴን እንዳልሰናበት ያደረገኝ ሰው ነው። ቢሞትም ቀብሩ ላይ እንዳትጠብቁኝ።" አባትህን እንዳትሰናበት ያደረጉህ ጋሽ ሳሊሕ አይደሉም። እኔ ነኝ።

ያን ቅዳሜ ከመጀመሪያው ላምጣው። በየዓመቱ ሰመር ሊያልቅ ሲል የፌስቲቫሎቹን ዝርዝር ፍሪጅህ ላይ ትለጥፍ ነበር። ሙሰብ ቫኑን ያመጣል፣ እኔ ኩለሩን በበረዶ እሞላለሁ፣ አንተ ምንም ሳትሸከም ታዛለህ። በ2011 ግን ረመዳን ኦገስትን ሙሉ ስለያዘው አንድም የሙዚቃ ሜዳ ሳንረግጥ ኢድ ደረሰ። የቀረችን አንዲት ፌስቲቫል ነበረች፤ ያቺ ከሞንተሬይ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ የነበረችው። ያኔ ከምንኖርበት ከሳን ሆዜ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ናት። ከኢድ የተረፈውን ሳምቡሳ ጭነን በጠዋት ሄድን፤ ዙህርንም መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ከቫኑ ጀርባ ብርድ ልብስ አንጥፈን ሰገድን።

ከዚያ በኋላ ነው ስልኬ የጠራው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። እኔ የነገርኩህ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ብዬ ነው፤ ውሸት ነው። ስምንት ሰዓት።

ጋሽ ሳሊሕ መጀመሪያ የጠየቁኝ አንተ አጠገቤ መኖርህን ነው። ፈቀቅ አልኩ። አባትህ ድንገት ታመው ሆስፒታል መግባታቸውን ነገሩኝና "ለእሱ ምንም እንዳትነግረው። መኪናውን እሱ እንዳይነዳ። የሚቀመስ ነገር አብሉትና ይዛችሁት ኑ" አሉ። ከኋላቸው ብዙ ሰው ይንጫጫል።

አንተስ በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ትረዳ ነበር? እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። የሞተውን ሰው "ትንሽ አሞታል" ብለን እናልፈዋለን። የሚደወለው ለጓደኛው ነው እንጂ ለባለ ሐዘኑ አይደለም። ባዶ ሆዱን እንዳይሰማ ያበሉታል፤ መሪ አያስጨብጡትም። የሙሰብ እናት ኮምቦልቻ ሲያርፉ እኔና አንተ ይህንኑ አላደረግንም? ቁርስ አበላነው፣ ቀልድ ነገርነው፣ ሽማግሌዎቹ ደጅ እስኪደርሱ ያዝነው። አንተማ በኋላ፣ አንድ ቀን ጨምረን በሰላም ብንተወው ምን ነበር ብለህ ተቆጭተህ ነበር። እናም አባትህ ሞተዋል ብዬ ደመደምኩ። በሕይወት አሉ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር መሰለኝ።

ከሞቱ ደግሞ ምን ያስቸኩላል አልኩ። ቀብሩ እሁድ ከዙህር በኋላ እንደሚሆን በልቤ አሰላሁ። ይህ ልጅ ከዛሬ በኋላ ለስንት ጊዜ አይስቅም፤ ትንሽ ይደሰት ብዬ የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁልህ። አንተ መድረኩ ሥር ገብተህ ትከሻህን ስትሰብቅ፣ ሃያ የሚሆን ፈረንጅ ከኋላህ ተሰልፎ የራሱን ትከሻ ሊያወልቅ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። ዓይኔ ምን ሆኖ እንደቀላ ስትጠይቀኝ አቧራው ነው አልኩህ።

ለሙሰብ ነገርኩት። እሱም እንደ እኔ ነው የተረዳው፤ ግን ወዲያው የቫኑን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። የእናቱን ሞት የደበቅነው ከእሱ ስለሆነ፣ እኛ የሸሸግነው ያ ጠዋት እስካሁን እንደሚያመው ያን ዕለት ነገረኝ። እኔ ግን ይህ ቡድን ይጨርስ፣ ደግሞ ቀጣዩ ይጨርስ እያልኩ ያዝኩት። እስከ ዛሬ ዝም ያለህም እኔ ስለለመንኩት ነውና በእሱ አትቀየም።

ጋሽ ሳሊሕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግመው ደወሉ፤ አላነሳሁም። አሥር ሰዓት ላይ ሲደውሉ አንስቼ "መንገድ ላይ ነን" አልኳቸው። አልነበርንም። ካውሰር ከአክስቷ ልጆች ጋር ከኦክላንድ ልትመጣ ነበር፤ ያኔ ገና ሳንጋባ አንተ በእሷ ስትቀልድብኝ የከረምክበት ጊዜ ነው። ትራፊክ ይዟቸው አሥር ተኩል ላይ ደረሱ። ለኢዱ እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን፣ ቆመን ትንሽ ተጫወትን። ከሜዳው የወጣነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

መንገዱ በረጅሙ የበዓል ዊኬንድ እንዴት እንደሚጨናነቅ ታውቃለህ። አንተ ከኋላ ወንበር ተኝተህ ነበር። ሳን ሆዜ ልንገባ ስንል ቀስቅሼ አባትህን እንዳመማቸው፣ ስልኩም ልንወጣ ስንል እንደተደወለ ነገርኩህ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አባትህ ያረፉት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ነርሷ ሰዓቱን ስትናገር የተሳሳተች መሰለኝ፤ ለእኔ እኮ ከሞቱ አምስት ሰዓት ሆኗቸው ነበር። ለካስ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ነቅተው ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ፤ ጋሽ ሳሊሕም "መንገድ ላይ ነው" ይሏቸዋል። ከእኔ የሰሙትን ነው የነገሯቸው።

ኮሪደሩ ላይ "ለምን በጊዜ አልደወሉም?" ብለህ ጮህክባቸው። ጋሽ ሳሊሕ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ከዚያ "አጥፍቻለሁ ልጄ" አሉህ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ምንም አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ ሚዜህ ሆኛለሁ፤ ልጅህን ከሆስፒታል ስታወጣት አቅፌያታለሁ፤ እሳቸው ያልተጠሩበትን ድግስ ሁሉ በልቻለሁ። ይቅር በላቸው ብለው ቤትህ ከመጡት ሦስት አስታራቂዎች አንዱ እንኳ እኔ ነበርኩ። ሶፋህ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው ይሳሳታል ብዬ መከርኩህ። ያን ቀን ሳስታውስ ራሴን እጠላለሁ።

ሐሙስ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ከዚህ በላይ አልችልም፣ ልነግረው ነው አልኳቸው። ድምፃቸው አልቋል። "ተወው" አሉኝ። "እኔን ቢጠላ ሌሎች አጎቶች አሉት። ያን ቀን ግን ከአንተ ሌላ የሚደገፍበት ሰው አልነበረውም።"

ይህን ደብዳቤ ካውሰር ጠዋት አንብባው እነሱ ስለደረሱበት ስለ አሥር ተኩሉ የጻፍኩት ጋ አንድ መስመር ጎድሎታል አለችኝ። የትኛው እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ደብዳቤውን የሚሰጥህ ሙሰብ ነው። እኔ ከፎቅህ ሥር መኪናዬ ውስጥ ነኝ። ጋሽ ሳሊሕ ዛሬ ጠዋት በሕይወት አሉ፤ ነርሷን ራሷን ጠይቄ ነው የምነግርህ። ጠያቂ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ያስገባሉ። ከእኔ ጋር መሄድ ካስጠላህ የሙሰብ መኪና ከኋላዬ ቆሟል፤ በእሱ ሂድ። ይቅር በለኝ ብዬ ዛሬ አልለምንህም፤ የእሳቸውን ሰዓት እንዳልሻማባቸው።

አላህ አባትህን በጀነት ያኑርልህ፤ አጎትህን እስክትደርስ ያቆይልህ፤ ልጅህን አንተን ሳታጣ ያሳድግልህ።

ያዘገየህ ወንድምህ