ስላሳረፉኝ አመሰግናለሁ

ለክቡር የሠራተኞች ደኅንነትና ደስታ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ፤ የእኔን ጤና ግን ከእኔ በተሻለ እርስዎ ስለሚከታተሉት ልነግርዎ አያስፈልግም። በሆስፒታላችን ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለችው ክፍል ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ የሠራሁ ባለሙያ ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ደክሞህ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ ኃላፊ አልነበረም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት «ሥራና ዕረፍትን እናመጣጥን» የሚል ወረቀት በየበሩ አስለጥፈው ስለ ድካማችን መጨነቅ ሲጀምሩ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም ብል እዋሻለሁ፤ መጀመሪያ ያደረግሁት የመሳቢያዬን ቁልፍ መቀየር ነበር። ተጠራጣሪነቴን ይቅር ይበሉኝ። ዕድሜውን የሰው አፍ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ፈገግታ ሲያሳዩት ከኋላው የተበላሸው የቱ ነው ብሎ መፈለጉ አይቀርም።

ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መጠይቁ። ስማችሁን ሳትጽፉ የልባችሁን ንገሩን ብለው ባደሉን ወረቀት ታችኛው ጥግ ላይ የየሠራተኛው መለያ ቁጥር በደቃቁ መታተሙን ያየነው ሞልተን ከመለስን በኋላ ነው። አብራኝ የምትሠራው ጀሶ በጥባጯ የዋህ ናትና «ዐረፍ የምለው መጸዳጃ ቤት ስገባ ብቻ ነው» ብላ ጽፋ ነበር። በሳምንቱ የምድር ቤቱ መጸዳጃ በር ላይ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚሞላበት መዝገብ፣ ከነታሰረ እስክሪብቶው፣ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ለሠራተኛ አስተያየት ይህን ያህል ፈጣን ምላሽ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅምና በእሷም ስም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ ማረፊያ ክፍሉ። ሶፋው እጅግ ያማረ መሆኑን በመስኮት አይተናል።

ሦስተኛ፣ ስለ እሑድ። አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን ይኖራል፤ እሑድ እሑድ ምሳ አብረን እንበላ ነበር። እርስዎ ግን ለአእምሯችን ዕረፍት ሲሉ እሑድን የጋራ የእግር ጉዞ ቀን አደረጉት፤ ጉዞው በፈቃደኝነት መሆኑንና የቀረ ሰው ስሙ ሰኞ ጠዋት እንደሚለጠፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩን። አንድ ዓመት ሙሉ ቢጫ ካናቴራ ለብሼ፣ ስም ጠሪው ከኋላዬ እየተከተለኝ፣ በፈቃዴ ተራመድኩ። በዚያው ዓመት የአባቴ የቀሩት ጥርሶች አንድ በአንድ ረገፉ። በስልክ ስናወራ ድምፁ መለወጡን ሰምቼ ጉንፋን መስሎኝ ነበር። የስንቱን ባዳ አፍ የሞላሁ ልጁ፣ አባቴ ምግቡን በሹካ እያደቀቀ እንደሚውጥ አላውቅም ነበር። ይህን ያወቅሁት እርስዎ አስገድደው ሲያሳርፉኝ ነውና እውነተኛ ምስጋና የምሰጥዎት በዚህ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ስለዚሁ ዕረፍት። አንድ ሰኞ ጠርተውኝ «ፊትህ ላይ ድካም አያለሁ ወንድሜ፤ ዐሥር ቀን ዕረፍ፣ ቁልፍህን ለጸሐፊዋ ተውላት» አሉኝ። እኔም በማግስቱ ጀሶና የጥርስ መሥሪያ ሰም ይዤ አባቴ ዘንድ ገባሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ዘጠኝ ጊዜ ደውለው ዕረፍቴ ከዐሥር ስንት እንደሚሰጠው ጠየቁኝ፤ ዘጠኝ ጊዜም «ስምንት» አልኩዎ፤ ዐሥር ብል ዳግም እንዳትመለስ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት የአባቴን አፍ በመለኪያ ሊጥ ሞልቼ የድዱን ልኬት ስወስድ ስልኩ ጮኸ፤ አላነሳሁም። እርስዎ ደጋገሙ። ልኬቱን አውጥቼ ሳይኮማተር ጀሶ ላፈስበት ወደ ማድቤት ስሮጥ፣ አባቴ አፉ እንደተለሰነ ስልኩን አነሳው። የተባባላችሁትን እሱ አንድም ሳያስቀር ነግሮኛል።

«ልጄ ዐርፏል» አለዎ።

«ምን አሉኝ አባት? መቼ?»

«እኔ ቤት ከመጣ ጀምሮ ነው። አሁንማ ጭራሽ።»

«ምን አግኝቶት? ታሞ ነበር?»

«ምን ሕመም አለው፤ ድካም ነው እንጂ። አሁን ደህና ቦታ ነው ያለው፤ ከእንግዲህ አትጥሩት» ብሎ ዘጋው። እሱ ጨዋ መልስ የሰጠ ነው የመሰለው።

ከሰዓት በኋላ ጀሶ በጥባጯ ጥቁር ለብሳ እያለቀሰች መጣች። በሩን የከፈትኩላት እኔው ነበርኩ፤ እጄ በጀሶ ነጥቷል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ ካለቀሰች በኋላ ሳቀች፤ እንደገናም አለቀሰች። ከዚያ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከስልኩ አርባ ደቂቃ በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ስታየው ተናድዳ የገነጠለችው ነው፦ «ክፍት የሥራ ቦታ፣ የሰው ሠራሽ ጥርስ ባለሙያ»፤ የእርስዎ ፊርማ፣ የእርስዎ ማኅተም። በአርባ ደቂቃ መተካቴን እንደ ቅልጥፍና በወሰድኩት ነበር። ቀኑን ሳየው ግን ወረቀቱ የተጻፈው ፊቴ ላይ ድካም ባዩበት በዚያው ሰኞ ነው። እኔ የሞትኩት ዓርብ፣ ቦታዬ የተለቀቀው ሰኞ፤ ይህን ማመጣጠን አቅቶኝ ለአባቴ ባሳየው፣ ሾፌር ነበርና «የተሳፈርከው መውረጃህን ሌላ ሰው በወሰነልህ አውቶቡስ ነው» አለኝ።

ጥርሱን በዘጠነኛው ቀን ገጠምኩለት። ጥሬ ካሮት አንስቶ ገመጠ። እስኪደቅ አላምጦ ዋጠና «እሑድ ትመጣለህ?» አለኝ። እመጣለሁ አልኩት። ሃያ አንድ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ክፍያ ተቀብዬ አላውቅም።

ስመለስ ስለ ማስታወቂያው ቀን ብጠይቅዎ በዚያ በሚያምር ፈገግታዎ «የታይፕ ስህተት ነው፤ እንኳን በሕይወት ተገኘህ» ብለውኛል። አምኜዎት ዝም ልል ነበር። ባለፈው ረቡዕ ግን ጀሶ በጥባጯን ጠርተው ፊቷ ላይ ድካም እንዳዩ ነገሯት። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የራጅ ክፍሉን ሽማግሌና ከልብስ ማጠቢያው ሁለት ሴቶችን። አራቱም መጠይቁ ላይ የልባቸውን የጻፉ ናቸው። በአንድ ሳምንት ይህን ያህል ፊት አንድ ላይ መድከሙ ለሕክምና ተቋም አሳሳቢ ነውና ጉዳዩን በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድኩ። ጀሶ በጥባጯም ሆነች ሦስቱ ዕረፍት አይወጡም፤ በመሳቢያዎ ውስጥ ቀን ተጽፎበት የሚጠብቅ ሌላ ማስታወቂያ አለመኖሩን በማኅበራችን ፊት ከፍተው እስኪያሳዩን ድረስ ሁላችንም ባለንበት ደክመን እንቆያለን። እኔም ከእንግዲህ እሑድ አልራመድም፤ ስሜን ይለጥፉት። ካናቴራውን አጥቤና አጣጥፌ መልሻለሁ።

ቸርነትዎ ከእኔ አልፎ ለሌላ እንዳይተርፍ እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ ነገር ግን ከወንበሬ ሳልነሳ፣

የምድር ቤቱ ጥርስ ሠሪ
(በሕይወት ያለ)

ግልባጭ፦
ለሠራተኞች ማኅበር
ለሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ፣ ማስታወቂያው አባሪ ተደርጎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከሁለት ወር በፊት በኋላ በር ገብተው፣ ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቀው የጥርስ ልኬት የሰጡኝ ሥራ ገና ከሰም ቅርጽ አላለፈም። የትኛው ጥርስ እንደሆነ መግለጽ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ቦታው ክፍት ነው ብለው በፊርማዎ ስላረጋገጡ ግን ሥራውን የሚጨርስልዎ ሰው እስኪቀጠር መጠበቅ ሊኖርብዎ ነው፤ እስከዚያው ፈገግታዎን ያሳርፉት።