ሦስተኛዋ ተሳፋሪ እኔ ነበርኩ

ለተከበርከው ወንድሜ ለጋሼ ፊልጶስ፣

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብህ ይብዛልህ። የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እትዬ ሕይወትስ ሱቅ ቆማ ስትውል እግሯ ማበጡን ተወ? ልጆቹስ ትምህርት ጀመሩ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ፊደሌ ከበርበሬ መጠቅለያ ጋዜጣ የተለቀመ ነውና የተጣመመውን አቅንተህ አንብብልኝ።

ለመስቀል አልመጣም ብለህ ስትደውል አዘንኩ አልኩህ። ውሸቴን ነው ጋሼ፤ እፎይ ነው ያልኩት። ብትመጣ ዓይኔን የት እንደማሳርፈው አላውቅም ነበር። በስልክ ልነግርህ ሞክሬም አፌ ተሳሰረ።

«ቀስ በሉ» ስላልነው ማኅበር ነግሬሃለሁ። አምና ከሞተር ተራው ጎን ቆሎ ስሸጥ፣ የሚወድቀውን ሰው ማየት ሲመረን፣ መምህር ኢዮብ፣ ጀማሉ የሚባል ሞተረኛና እኔ ሦስት ሆነን ጀመርነው። ዛሬ ወልቂጤ ብቻ ስልሳ ሞተረኛ ሰደሪያችንን ለብሷል። ጉብሬም ገብተናል። የእኔ ሥራ ሴቶቹን መምከር ነበር። ብዙ አላወራም፤ «ሞተር ላይ ሦስተኛ ሆነሽ አትውጪ፣ ያለ ሄልሜት አትውጪ» ነው የምለው። ገበያ ላይ «ሂድ ወዲያ፣ እትዬ ሐረገወይን ትቆጣኛለች» እያሉ በሞተረኞቹ ይሳለቁ ጀመር።

ነሐሴ ላይ አክስታችን ያረፈች ዕለት መርዶው ዘግይቶ ደረሰኝ። የቸሃን መንገድ ታውቀዋለህ፤ አስከሬን ከቤት ሳይወጣ ያልደረሰ ዘመድ ምን እንደሚባልም ታውቃለህ። ጀማሉ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን ትዕግስትን ወደዚያው ለቅሶ ሊወስዳት ሲነሳ ደረስኩበት። «እትዬ፣ ሌላ ሞተር ልጥራልሽ» አለኝ። «ልጄ፣ ሬሳ አይጠብቅም፤ ዛሬን ሕግ አታንብብብኝ» ብዬ ከትዕግስት ኋላ ሦስተኛ ሆኜ ወጣሁ። ሄልሜት ሲሰጠኝም መለስኩለት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ እያለቀስኩ የምገባበት ቤት፣ ጭንቅላቴን ደፍኜ ልድረስ? አፈርኩ።

ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው አንሸራቶ ጣለን። እኔ እንሰት መሃል ወድቄ ክርኔ ብቻ ተላጠ። የትዕግስት ቀኝ ክንድ ግን ተሰበረ። ገበሬዎች እየሮጡ ሲመጡ፣ እሷ እየጮኸች፣ ቀብሩ ያመልጠኛል ብዬ ትቻቸው በእግሬ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት ስደርስ ሰው ጭቃዬን አይቶ «እንዴት ብትወዳት ነው» አለ።

ጀማሉ ሲጠየቅ «አንዷን ሴት አላውቃትም» ብሎ ስሜን ሸፈነ። ትዕግስትም ስሜን አላነሳችም። ማኅበሩ ጀማሉን ለሦስት ወር ከተራ አገደው፤ እሱም ሰደሪያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሰብሳቢያችን መምህር ኢዮብ «እትዬ፣ አንድ ቃል በይን» አለኝ። ተነሳሁ። ጀማሉ ፊቴ ቆሞ፣ ሦስተኛ ሰው መጫን ምን እንደሚያመጣ መከርኩ። አጨበጨቡልኝ። ለደንበኞችህ «እህቴ ናት» እያልክ የምታሳየው ፎቶ የዚያን ቀን የተነሳ ነው። እባክህ፣ ከእንግዲህ ለማንም አታሳየው።

ጀማሉ ተራውን አጥቶ ድንጋይ ጫኝ ሆነ። ሲያልፍ ሴቶቹ «ሰባሪው መጣ» ይሉታል፤ የሚሰድቡት የእኔን ምክር ይዘው ነው። እሱ ግን «እንዴት ዋልሽ እትዬ» ብሎኝ ያልፋል። ስድባቸው እሱን፣ ሰላምታው እኔን ሲያቆስል ከረመ።

ባለፈው ቅዳሜ ቡታጅራ ጠርተውን ሄድን። ከመስቃን ገበሬውም ነጋዴውም መጥቶ አዳራሹ ሞልቷል። ተናገሪ ስባል፣ ሦስተኛዋ ተሳፋሪ እኔ ነበርኩ አልኩ። ትቻቸው መሄዴንም ነገርኳቸው። ከድጄ የምትባል በርበሬ ነጋዴ «ወላሂ፣ እኔ ለሰርግ አራተኛ ሆኜ ወጥቻለሁ፤ አንቺ ምን አለብሽ!» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። መምህር ኢዮብ አልሳቀም። የጀማሉን እገዳ እዚያው አነሳ፤ እኔም ለሦስት ወር ማንንም እንዳልመክር ወሰነ። ደግ አደረገ።

ሰኞ ጀማሉን ተራው ላይ አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሞተሩን እየወለወለ፣ ቀና ሳይል፣ «የእኔ እጅ ደህና ነው እትዬ። ትዕግስት ጋ ሂጂ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንድ ቀን አጥሚት በሰው ልኬ፣ ከዚያ ወዲህ በበሯ አላለፍኩም ነበር።

ሄድኩ። ክንዷ ገና እንደታሰረ ነው፤ የስፌት መኪናዋም ተሸፍኖ ተቀምጧል። «ይቅርታሽን አስቀምጪው፤ ልብሴን እጠቢልኝ» አለችኝ። ከክምሩ ሥር የዚያን ቀን ቀሚሷን ጭቃው እንደደረቀ አገኘሁት። ሁለቴ ባጥበውም ጫፉ አልለቀቀም። እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ «ጠንከር አድርገሽ እሺው» ትለኛለች። ነገም እሄዳለሁ።

እትዬ ሕይወትን እጅ ነስቼ ሰላም እላለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ለእሷም አንብብላት። ብሩክን ትከሻውን፣ ትንሿን ሲናን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። ፈርደህም ቢሆን ጻፍልኝ።

እህትህ ሐረገወይን
ወልቂጤ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.