ብቻዬን ወደ ወይብ ገደል

ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ። ሙት ዓመትህን እዚሁ ሮቤ ቤታችን አበላን፤ ሰው ሞልቶ ነበር። በማግስቱ ልጃችን ሰናይት ጥቁሬን አስወለቀችኝና ወደ አዳማ ተመለሰች። ነገ ነገ እያልክ ያቆየኸውን የግቢ በርም ሳትሄድ አሠራችው፤ እንዳትቀየማት። አሁን ሲከፈት ድምፅ ስለሌለው ማን እንደገባ አላውቅም። የሚገባም የለም። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ከፍቼ እውላለሁ።

የሲናና ስንዴ ታጭዶ አለቀ። በዚህ ጊዜ ኮምባይነርህን አቁመህ፣ ጆሮህ በሞተር ጩኸት ደንቁሮ ትመጣና እየጮህክ ታናግረኝ ነበር፤ ጎረቤት የተጣላን ይመስለው ነበር። ከዚያ ጆሮዬን ላሳርፍ ብለህ ከጎሮ ከተማ ወዲያ ወዳለው የወይብ ወንዝ ገደል ይዘኸኝ ትሄዳለህ። ዘንድሮ ምን ሠርቼ ብዬ ነበር፤ ግን ቤት መቀመጥ አቃተኝና ሄድኩ።

ከመኪና የምንወርድበት ግራር ጋ ብቻዬን ወረድኩ። ሁልጊዜ የምትስቅብኝን ስህተትም ደገምኩት፤ የሮቤ ብርድ አታሎኝ ሹራብ ደርቤ ቆላ ገባሁ። ሹራቤን በክንዴ ይዤ በዚያ ደረቅ መሬት ትንሽ እንደተራመድኩ ኦቦ አደምን አገኘኋቸው፤ ግመሎቻቸውን ከዚያ የማይለዩት፣ አንተን ሲያገኙ እኔን የሚረሱኝ ሽማግሌ። ሰላምታቸው እንደምታውቀው አያልቅም። በኦሮምኛ ልጆቹን፣ ዝናቡን፣ አዝመራውን፣ የሌለንን ከብት ሳይቀር ጠየቁኝ። ለሁሉም ደህና፣ ደህና እላለሁ። መሀል ላይ አንተን ጠየቁኝ። ደህና አልኳቸው።

ተንኮል አልነበረውም። ሰላምታ መቼም ደህና ተብሎ ነው፤ ክፉ ወሬ ካለ ከዚያ በኋላ ይነገራል። እሳቸው ግን ሰላም በይልኝ ብለው ወደ ግመሎቻቸው ዞሩ። ጥቁር አልለበስኩ፣ በምን ይወቁ? ደግሞስ መርዶ መንገድ ላይ ይነገራል? መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን አታልዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

አፋፉ ላይ ተቀመጥኩ። ገደሉ ያው ነው፤ ወንዙ ከታች ይታያል እንጂ አይሰማም። አንተ ይህን ዝምታ ትወደው ነበር። እኔ ዝምታ ጠግቤ ነው ከቤት የወጣሁት። እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር አሰብኩ፤ አንተ አሁንም በሕይወት ያለህበት አንድ ቦታ ቀርቶልኛል፣ እሱም የኦቦ አደም ልብ ነው። ዝም ብዬ ብመለስ ማንም አይነግራቸውም። በየዓመቱ ሰላም ይሉሃል፣ እኔም ደህና ነው እላለሁ። ይህን ምን ያህል እንደፈለግኩት አልደብቅህም። ግን ሞትህን የማያውቅ ሰው እኔንም አያውቀኝም፤ ከእሳቸው ጋር ቆሜም ብቻዬን ነኝ። ይህን ሳስብ ተነሣሁ።

ስመለስ ነገርኳቸው። እንደ ወጉ አልሆነልኝም፤ በቁሜ፣ በአጭሩ። ዱላቸውን መሬት አስቀምጠው መዳፋቸውን ዘረጉና ዱዓ አደረጉልህ። ከዚያ ሰላምታውን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጀመሩት። ልጆቹን፣ ዝናቡን፣ አዝመራውን ጠየቁኝ፤ አንተ ጋ ሲደርሱ ዘለሉህና አንቺስ እንዴት ነሽ አሉኝ። ዓመት ሙሉ ያፈሰስኩት እንባ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ደህና ማለት አቃተኝ።

አልረሳህም ግርማዬ። ከእንግዲህ ስላንተ ለጠየቀኝ ሁሉ ሞቷል እላለሁ፤ እንዴት ያለ ሰው እንደነበርክም እነግረዋለሁ። ለሚመጣው ዓመትም፣ እግዜር ካለ፣ እሄዳለሁ። ኦቦ አደም አንተን የሚያውቁት ገና ልጃችን ሳትወለድ ነው፤ እኔ ያልሰማሁት ብዙ ወሬ አላቸው።

ባለቤትህ አስካለ