በእርቅ ስም ስለተዘጋብን የጨዋታ ክፍል

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሁሉቃ ዳር የወጣቶች መዝናኛ ማዕከል ኃላፊ
አምቦ

ጉዳዩ፦ ጨዋታ በማወክ ከክበባችን የተሰናበተ ግለሰብ ካልተመለሰ ክፍሉ አይከፈትም በሚል የተሰጠው ውሳኔ እንዲነሳልን ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ዶርቃስ ተሬፋ በከተማችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ስሆን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በማዕከሉ ይሰበሰብ የነበረውን የተረት ጨዋታ ክበብ በተራኪነት ስመራ ቆይቻለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ በጻፈልን ደብዳቤ «ዳይስ የሚጥሉ ወጣቶች» ብሎናል። ቁማርተኛ መስለን እንዳንቀር ከጨዋታው ልጀምር።

1. በጨዋታችን ስድስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። እኔ ታሪኩን እተርካለሁ፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው በሐሳባቸው ፈጥረው፣ ስም አውጥተውለት፣ በእሱ ቦታ ሆነው ይናገራሉ፣ ይወስናሉ። ያሰቡት ይሳካ እንደሆነ ዳይሱ ይለያል። ገንዘብ የለበትም፣ አሸናፊም የለውም። የእኛ ታሪክ ከባኮ እህል ጭኖ በጭልሞ ጫካ ስለሚያልፍ የድሮ ዘመን ቅፍለት ነው፤ በቅሎዎቹም፣ ሽፍቶቹም፣ የሞላውም ወንዝ ሁላችን ተጋግዘን የፈጠርናቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ጨዋታ ሰው ካልተደማመጠ አንድ ጋት አይራመድም።

2. ከአባላቱ አንዷ ወይዘሪት ኢልሀም ረመዳን ናት። በአባቷ የጨርቅ ሱቅ የምትሠራ፣ ደንበኛ ሲከራከራት ከመመለስ ዝም ማለት የሚቀላት ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ሰሞን ድምፅዋን ለመስማት ሁላችንም ወደ ጠረጴዛው እናጎነብስ ነበር። ቆይታ ወርቅውሃ የምትባል የቅፍለት መሪ ፈጠረች፤ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ ያላት፣ ሽፍታ በቃሏ የምትመልስ ሴት። ኢልሀም በወርቅውሃ አፍ መናገር ስትለምድ በራሷም አፍ መናገር ጀመረች። አባቷ አቶ ረመዳን አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁመውኝ «ምን አጠጣችኋት? ሱቁን እኮ ተረከበችኝ!» ብለው ሲስቁ የተሰማኝን ደስታ በማስተማር ሥራዬ ብዙ ጊዜ አላገኘሁትም። ይህን የምጽፈው ለማሳዘን ብዬ አይደለም። የተወሰደብን ነገር ምን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

3. ፈየራ ቦንሳ የተባለው ግለሰብ አምና ገባ። ዘግይቶ ይመጣና ያለፈው ሁሉ ከመጀመሪያ እንዲነገረው ይጠይቃል። ሰው እየተናገረ ስልክ ያነሳል፣ ያውም ጮክ ብሎ። ዳይሱ ሲከዳው «ተንሸራተተ፣ አይቆጠርም» ይላል፤ ሌላውን ሲከዳ ያጨበጭባል። ኢልሀም አስባ ሳትጨርስ እሱ ወስኖላት ይቀጥላል። ለብቻው ባጃጅ ተራው አጠገብ ወስጄ በእርጋታ አነጋገርኩት፤ አመስግኖኝ ሄደ፣ በሳምንቱ ያው ነበር። ደንብ አውጥተን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከሁላችን ቀድሞ የፈረመው እሱ ነው።

4. ከዚያም አንድ ቅዳሜ ቅፍለቱ ወንዝ ሲሻገር፣ ወርቅውሃ ልጇን አዝላ፣ ገመድ ይዛ መሃል ውኃ ውስጥ ሳለች፣ ፈየራ «ገመዱን እቆርጠዋለሁ» አለ። ለምን ብንለው «እስቲ ምን እንደሚሆን ልየው» አለ። በጨዋታው ሕግ ተጫዋች የወሰነውን ተራኪ አይሽርም፤ አስብበት ከማለት በቀር ሥልጣን የለኝም፣ አልኩትም። ቆረጠ። ዳይሱም ወጣለት፤ ወርቅውሃን ከነልጇ ውኃው ወሰዳት። ኢልሀም ሻሿን አስተካክላ ወጣች። እሱ ከኋላዋ «ጨዋታ እኮ ነው!» እያለ ይስቅ ነበር። አባላቱ ሁሉ ተስማምተን አሰናበትነው።

5. የእሷ ሰው ስትሞት ጨዋታ የነበረው ነገር፣ እሱ ሲሰናበት የክብር ጉዳይ ሆነና ሽማግሌ ላከ። ሦስት አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ደጄ ቆሙ። ሣር ይዞ የመጣ ሽማግሌ ባዶውን እንደማይመለስ ለእርስዎ አላስረዳም። ሁላችንንም ሰብስበው አንጋፋው ኦቦ ሞሲሳ «የሞተው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ ኢልሀም ዞረው «ልጅ ነበራት እንዴ?» አሏት። ነበራት አለች። ኦቦ ሞሲሳ ለአፍታ አንገታቸውን ደፉ። እውነት ለመናገር፣ በዚህ ሁሉ ጉዳይ ኢልሀምን ከልቡ የጠየቃት ትልቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሆኖም እሳቸውም የለመዱትን ፈረዱ። «ማሎ፣ ኢንተላ ኮ፣ እባክሽ ልጄ፣ ነፍስ ከጠፋማ ጉማ፣ የደም ካሣ አለው» አሉ። ገዳይና የሟች ወገን እንደሚታረቁት ይታረቁ፣ ፈየራ አንድ ሳጥን አምቦ ውኃ ያምጣ፣ ሁሉም በአንድነት ጠጥቶ ነገሩ ይብረድ ተባለ። ኢልሀም ሽማግሌ አክብራ ጠጣች። እኔም ጠጣሁ። ፈየራም ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

6. ታጥቦ ጭቃ ሆነ። መሪ ባጣው ቅፍለት ላይ ራሱን መሪ አድርጎ ሾመ። ኢልሀም አዲስ የፈጠረቻትን ሴት በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ በየቅዳሜው «ሟቿ ምን ትላለች?» እያለ ይጠይቃታል። ስገሥጸው «ታርቀን የለም እንዴ? ጠጥታለች እኮ!» ይለኛል። እኛ አገር የታረቀ ሰው ያለፈውን ካነሳ ነውረኛው አንሺው ነው። ያ የጠጣችው ብርጭቆ አፏ ላይ እንደ ቆርኪ ተገጠመ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ፈየራ ሰምቶት ይሆናል፤ መርሳት የሷ ግዴታ መስሎት እንጂ።

ከዚያ ቀረች። ሱቁ ድረስ ሄጄ ለመንኳት። ጨርቅ እየለካች፣ እንደ ድሮው ለመስማት እስከማጎነብስ ድረስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቲቸር፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን ይቅር ማለት እሱ ይቀመጥ፣ እኔ ልነሳ ማለት ነው?» አለችኝ። ክር ገዝቼ ወጣሁ።

7. በዚህ ምክንያት ፈየራን ለሁለተኛ ጊዜ አሰናበትነው። እሱም አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከተ። እኔ አልተጠራሁም፣ ኢልሀምም አልተጠየቀችም። ክፍሉ ተቆለፈ። ፈየራ በአባልነት የተመለሰበት የእርቅ ሰነድ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀረበም ክፍሉ ለጆተኒ እንደሚሰጥ ተጻፈልን። አጎቱ የማዕከሉ ቦርድ አባል መሆናቸውን የማነሳው ለመክሰስ አይደለም፤ ውሳኔው በሦስት ቀን መድረሱ ስለገረመኝ ነው። ጣራው ያፈሳል ብለን ካመለከትን ግን መልስ ሳናገኝ ሁለት ክረምት አልፏል።

8. ጽሕፈት ቤትዎ «ሰላም እንዲወርድ» ብሎ ጽፏል። ሰላማችን ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አንድ ሰው ይጠይቅልን። አዋኪው ሲመለስ ተገኘ የሚባለው፣ ዝምተኛዋ ስትቀር ማንም ጎደለ የማይለው ሰላም ነው። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ በሬ ግን አማራጭ ስለሌለው ነው። ተናድጃለሁ፣ መናደዴንም አልደብቅም። እኛ እርቅ ጠልተን አይደለም። እርቅ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ የተበደለው ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ስለሚጫን ነው።

ስለዚህ የክፍሉ ቁልፍ እንዲመለስልን፣ ጠረጴዛችን ዙሪያ ማን እንደሚቀመጥ የመወሰኑ መብት ለአባላቱ እንዲተው፣ ከውሳኔ በፊትም ወይዘሪት ኢልሀም በአካል ተጠርታ ቃሏ እንዲሰማላት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቃሏ ዝቅ ያለ ነውና የሚሰማት ሰው ጠጋ ብሎ ይቀመጥ።

የፊታችን ማክሰኞ ሽማግሌዎች ባሉበት ቀርቤ እንድታረቅ በስልክ ታዝዣለሁ። እመጣለሁ። ሣሩን እቀበላለሁ፣ ኦቦ ሞሲሳን አላሳፍርም፣ ካስፈለገ የፈየራን ትከሻ እስማለሁ። ሰነዱን ግን አልፈርምም። ይቅርታዬን ይውሰድ፤ ወንበሩ የኢልሀም ነው።

ከሰላምታና ካልበረደ ቅሬታ ጋር

(ፊርማ)
ዶርቃስ ተሬፋ
የተረት ጨዋታ ክበብ ተራኪ
አምቦ